ቼኩ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

አሜሪካ ውስጥ ለምትኖሩ ወገኖቻችን የምናቀርበው ትምህርታዊ ዝግጅት ዛሬ ስለ ቼክ ያወራል፤ በተለይ በፖስታ ተልኮ መንገድ ላይ ስለሚሰረቅ ቼክ። «ቼክ እኮ ድሮ ቀረ፣ እኔ ሁሉንም በስልኬ ነው የምከፍለው» የምትሉ ወጣቶች ሬዲዮውን ለመዝጋት አትቸኩሉ። እናታችሁ የቤት ኪራይ የሚከፍሉት በቼክ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያናችሁ አስራትና ስለት፣ እድራችሁ ወርሃዊ መዋጮ በቼክ ይቀበል ይሆናል። ከዚህም በላይ፣ ኋላ እንደምትሰሙት፣ ሌባው የሰረቀውን ቼክ የሚያስገባበት አካውንት ሲያጣ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይኑር፤ ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ስልክ ቁጥር እሰጣችኋለሁ።

አገር ቤት ሳለን ለብዙዎቻችን ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም ነበር። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ባለው መሥሪያ ቤት ወይም በዘመድ በኩል ይላካል፣ ቁልፍ የያዘው ሰው ሄዶ ያመጣዋል። ቼክም የነጋዴና የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበር። ስለ ቼክ የምንሰማው ክፉ ወሬ ቢኖር እገሌ ደረቅ ቼክ ጽፎ ታሰረ የሚል ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ቼክ ሲነሳ የምንጠረጥረው ጻፊውን ነው። እዚህ አገር ግን ነገሩ ተገልብጧል። በአካውንቱ በቂ ገንዘብ ያለው፣ ዕዳውን በሰዓቱ የሚከፍል ጨዋ ሰው ነው ዋናው ተጠቂ።

እስቲ አንድ ቼክ አውጡና እዩት። ከላይ ስማችሁና የቤት አድራሻችሁ ታትሟል። ከታች፣ ቅርጻቸው ለየት ባሉ ቁጥሮች፣ የባንኩ መለያ የሆነው ባለ 9 አሃዝ ራውቲንግ ነምበርና የአካውንታችሁ ቁጥር አለ። በስተቀኝ ፊርማችሁ። የካርዳችሁን የምሥጢር ቁጥር ለወንድማችሁ እንኳ አትነግሩም፤ ይህን ሁሉ ግን በስስ ፖስታ ከታችሁ መንገድ ዳር በቆመ ሳጥን ውስጥ ታሳድሩታላችሁ።

«ታሳድሩታላችሁ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ይህን ወንጀል ስትመረምሩት ሌባው ሁልጊዜ የሚገባው በጊዜ ክፍተት ነው። ፖስታው ሳጥን ውስጥ ገብቶ እስኪነሳ ድረስ ያለው ሌሊት አንድ ክፍተት ነው። ቼኩ ተመንዝሮ እናንተ እስክታውቁ የሚያልፈው ወር ሌላ ክፍተት ነው። ባንኩ ገንዘቡን ከለቀቀ በኋላ የቼኩ ሐሰተኛነት እስኪገለጥ ያሉት ቀናትም እንዲሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ እነዚህን ክፍተቶች ስለማጥበብ ነው።

መጀመሪያ ግን የጉዳዩን ስፋት ልንገራችሁ። የአሜሪካ ግምጃ ቤት የገንዘብ ወንጀሎችን የሚከታተል ፊንሴን የሚባል መሥሪያ ቤት አለው። ባንኮች አጠራጣሪ ነገር ሲያዩ ለዚህ መሥሪያ ቤት ያሳውቃሉ። የቼክ ማጭበርበርን የሚመለከቱት ሪፖርቶች በ2021 ከ350,000 በላይ ነበሩ፤ በ2022 ከ680,000 አለፉ። ሰው ቼክ መጻፍ እየተወ ባለበት ዘመን ነው ይህ የሆነው። በፌብሩዋሪ 2023 ፊንሴን ለባንኮች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ፣ ከፖስታ ስርቆት ጋር የተያያዙትን ለይታችሁ አሳውቁኝ አለ። በስድስት ወር ውስጥ 15,417 ሪፖርት ደረሰው፤ የተሞከረውም የተሳካውም ተደምሮ ከ688 ሚሊዮን ዶላር በላይ።

ከዚያ ጥናት ውስጥ ለእኛ የሚጠቅመን ሌቦቹ በቼኩ ምን እንዳደረጉበት የሚያሳየው ክፍል ነው። 44 በመቶ ያህሉ ላይ የተጻፈው ተለውጦ ወደ ባንክ ገባ። 20 በመቶው ላይ በሐሰት ተፈርሞ ገባ። 26 በመቶው ደግሞ ለሌላ ሐሰተኛ ቼክ ማተሚያ ናሙና ሆነ። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ፖስታው እንዴት ይሰረቃል? ቀላሉ መንገድ ማጥመድ ነው። ሌባው ሙጫ የተቀባ ነገር በገመድ አስሮ መንገድ ዳር በቆመው ሰማያዊ የፖስታ ሳጥን አፍ ያወርድና የተጣበቀለትን ይጎትታል። ፖስታ ቤቱ ይህን ለመከላከል የብዙዎቹን ሳጥኖች አፍ አጥብቦታል፤ ፖስታ ብቻ የምታልፍበት ስንጥቅ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሌቦቹ ወደ ቁልፉ ዞሩ። አሮው ኪ የሚባል የፖስተኞች ቁልፍ አለ፤ አንዱ ቁልፍ በአንድ አካባቢ ያሉ ሰማያዊ ሳጥኖችን ብቻ ሳይሆን በአፓርታማ መግቢያ ላይ የተደረደሩትን የነዋሪዎች ሳጥኖችም በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ይህን ቁልፍ ለመውሰድ ሲባል በጠራራ ፀሐይ ፖስተኞች ላይ መሣሪያ ይደገናል። ከአድማጮቻችን መካከል ፖስታ በማደል የምትተዳደሩ ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ፖስታ ቤቱና የራሱ የምርመራ ፖሊስ በሜይ 2023 ፕሮጀክት ሴፍ ዴሊቨሪ የተባለ ዘመቻ ጀምረዋል። በዕቅዱ 49,000 ቁልፎች በኤሌክትሮኒክ እንዲተኩ፣ በቀላሉ የማይሰበሩ 12,000 ሳጥኖች እንዲተከሉ ታስቦ ነበር። ፖስተኛን የዘረፈ ሰው የሚያዝበትን መረጃ ለሰጠ የሚከፈለው ሽልማትም እስከ 150,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ጥሩ ነው። ግን አገሩ ሰፊ ነው፤ እናንተ ደጃፍ ያለው ሳጥን መቼ እንደሚቀየር ማንም አይነግራችሁም።

ስለዚህ በሰማያዊው ሳጥን ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አንብቧት። ፖስታ የሚነሳበትን ቀንና ሰዓት ትናገራለች። የመጨረሻው መነሻ ሰዓት ካለፈ አትክተቱ። ቅዳሜ ማታ የገባ ቼክ እሑድን እዚያው ይውላል፤ ሰኞ የበዓል ቀን ከሆነ ደግሞ ሦስት ሌሊት ማለት ነው። ከቤታችሁ ሳጥን ላይ ቀይዋን ባንዲራ አቁማችሁ የሚላክ ፖስታ መተው ከዚህም ይብሳል፤ «እዚህ ውስጥ ክፍያ አለ» ብሎ ማወጅ ነው። የግድ በፖስታ መላክ ካለበት ፖስታ ቤት ግቡና በመስኮቱ ለሠራተኛው በእጁ ስጡት።

አሁን ቼኩ ሌባው እጅ ገብቷል እንበል። ፊርማችሁን በልጥፍ ይሸፍናል። ከዚያ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ባለ ኬሚካል ይነክረዋል። የተራ እስክሪብቶ ቀለም ይለቃል፤ የታተመው ጽሑፍና የተሸፈነው ፊርማ ይቀራሉ። ባዶ፣ የተፈረመ፣ እውነተኛ ቼክ። ለዚህ ነው ጥቁር ጄል እስክሪብቶ ተጠቀሙ የሚባለው፤ ዓይነቱን ስትመርጡ ቀለሙ በፒግመንት የተሠራውን ምረጡ፤ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ ለማጠብ ያስቸግራል። ይሁንና እስክሪብቶ ላይ ብዙ አትመኩ፤ ናሙና ሆኖ ሊታተም ለሚሄድ ቼክ ምን ዓይነት ቀለም እንደተጠቀማችሁ ለውጥ አያመጣም።

ሌባው ራሱ ላይመነዝረውም ይችላል። በአትላንታ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሰረቁ ቼኮችን ገበያ ለዓመታት ሲከታተሉ ኖረዋል። ገበያው ከሚገኝባቸው ቦታዎች ዋናው እኛ የሠርግ ፎቶና የዜና ቻናል የምንከታተልበት ቴሌግራም ነው። የቼኩ ፎቶ ይለጠፋል፣ ዋጋ ይነገራል፣ ገዢው ሌላ ስቴት ሆኖ ያትመዋል። በሜሪላንድ የተሰረቀ ቼክ በቴክሳስ መመንዘሩ እንግዳ ነገር አይደለም።

«ባንኩ እንዴት ፊርማዬን ሳያይ ይከፍላል?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ትንሽ ታሪክ አለው። ድሮ የወረቀት ቼክ ራሱ በአውሮፕላን ከከተማ ከተማ እየተጫነ ወደ ጻፊው ባንክ ይመለስ ነበር። በሴፕቴምበር 2001 ከደረሰው የሽብር ጥቃት በኋላ አውሮፕላኖች ሲቆሙ የአገሪቱ ቼኮችም መሬት ላይ ተከመሩ። ኮንግረስ በ2003 ቼክ 21 የተባለውን ሕግ አወጣ፤ ከኦክቶበር 2004 ጀምሮ የቼኩ ፎቶ በወረቀቱ ፈንታ መሄድ ቻለ። ዛሬ በስልክ ካሜራ ቼክ የምታስገቡት ከዚያ በመነጨ አሠራር ነው። ፍጥነቱ ግሩም ነው፤ ግን በአብዛኛው የእናንተን ቼክ የሚያነበው ማሽን ነው። ለማን እንደጻፋችሁ የሚያውቅ ሰው ከእናንተ በስተቀር በመንገዱ ላይ የለም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የዛሬው ዝግጅት አንኳር ይህ ነውና። አካውንታችሁን በስልክ ስትከፍቱ የገንዘቡን ልክ ብቻ አይታችሁ አትውጡ። አንዳንዱ ሌባ የገንዘቡን መጠን ሳይነካ የተቀባዩን ስም ብቻ ይለውጣል። 1,800 ዶላር የቤት ኪራይ ጻፋችሁ፣ 1,800 ዶላር ወጣ፤ ሒሳቡ ልክ ነው፣ ትረጋጋላችሁ። የምታውቁት አከራዩ «ኪራዩ የታለ?» ብሎ ሲደውል ነው። የቼኩን ቁጥር ስትነኩት ፎቶው ይከፈታል። ፎቶውን ክፈቱ፣ ስሙን አንብቡ። በስልክ ባንክ የማይጠቀሙ ወላጆች ካሏችሁ በየሳምንቱ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አብራችሁ እዩላቸው።

ምክንያቱም ሕጉ ሰዓት ይቆጥራል። በመሠረቱ ባንክ ከአካውንታችሁ መክፈል የሚችለው እናንተ ያዘዛችሁትን ብቻ ነው፤ የተለወጠ ወይም የተጭበረበረ ቼክ ከፍሎ ከተገኘ ገንዘቡን የመመለስ ግዴታ አለበት። ግን እናንተም ስቴትመንታችሁን መርምራችሁ በጊዜ የማሳወቅ ግዴታ አለባችሁ። በአብዛኞቹ ስቴቶች ሕግ መሠረት ስቴትመንቱ ከደረሳችሁ በኋላ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ ሳታሳውቁ ቀርታችሁ ያው ሌባ በሌላ ቼክ ቢደግማችሁ የቀጣዩ ኪሳራ ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል። አንድ ዓመት ካለፈ ደግሞ በሐሰተኛ ፊርማ ወይም በተለወጠ ጽሑፍ ምክንያት ባንኩን የመጠየቅ መብቱ ራሱ ያልፋል። ያ አካውንት ስትከፍቱ ሳታነቡ የፈረማችሁት ወፍራም ውል ይህን ጊዜ ሊያሳጥረውም ይችላል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ የተባለ ይመስላል።

ቼክን መተው የምትችሉበት ቦታ ላይ ተዉት። የመብራትና የውኃ ክፍያን ከድርጅቱ ድረ ገጽ በቀጥታ ክፈሉ። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ፤ የባንካችሁ ቢል ፔይ አገልግሎት ለግለሰብ ወይም ለትንሽ አከራይ ስትከፍሉ፣ በብዙ ባንኮች፣ ቼክ አትሞ በፖስታ ነው የሚልከው! በኤሌክትሮኒክ የላካችሁ ይመስላችኋል፤ ወረቀቱ ግን እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ባንኩን ጠይቁ። ገንዘብ በስልክ የሚላክበት ዜል ፈጣን ነው፤ ግን የተሳሳተ ሰው ጋ ከሄደ ማስመለሱ ከባድ ስለሆነ ለምታውቁት ሰው ብቻ ይሁን። መንግሥትም ከቼክ እየወጣ ነው፤ በማርች 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ የፌዴራል ክፍያዎች ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 በኋላ በወረቀት ቼክ እንዳይከፈሉ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ አዝዟል። የግምጃ ቤት ቼክ በኤሌክትሮኒክ ከሚላክ ክፍያ ይልቅ የመጥፋት፣ የመሰረቅ፣ የመመለስ ወይም የመለወጥ ዕድሉ 16 እጥፍ እንደሆነ ትእዛዙ ራሱ ይገልጻል። የሶሻል ሴኩሪቲ ተጧሪ ወላጅ ያላችሁ ገንዘባቸው በቀጥታ ወደ አካውንታቸው መግባቱን አረጋግጡ።

የቤተ ክርስቲያንና የእድር ገንዘብ ያዦች፣ እናንተንም አልረሳሁም። የአባላት ቼክ በማኅበሩ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ከእሑድ እስከ እሑድ የሚቀመጥ ከሆነ፣ የአንድ ሰው ሳይሆን የመቶ ሰው አካውንት ቁጥር ነው በአንድ ቦታ የተከማቸው። ዕለቱን አውጡ፣ በማግሥቱ ባንክ አስገቡ። የንግድ አካውንት ያላችሁ ደግሞ ባንካችሁን ፖዚቲቭ ፔይ የሚባል አገልግሎት እንዳለው ጠይቁ። የጻፋችሁትን ቼክ ዝርዝር ትልካላችሁ፣ ከዝርዝሩ ጋር ያልተስማማ ቼክ ሲመጣ ባንኩ ሳይከፍል ይጠይቃችኋል። ሰው የምታሠሩ ምግብ ቤቶችና ነዳጅ ማደያዎች ለዚህ የሚከፈለው ክፍያ የሚቆጭ አይመስለኝም።

ከቼክ ውጪም ለእኛ ኅብረተሰብ ፖስታ ማለት ግሪን ካርድ ነው፤ የሥራ ፈቃድ ነው፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ነው። ፖስታ ቤቱ ኢንፎርምድ ዴሊቨሪ የሚባል ነፃ አገልግሎት አለው። ዛሬ የሚመጡላችሁን ደብዳቤዎች የፊት ፎቶ ጠዋት በኢሜል ይልክላችኋል፤ ፎቶው መጥቶ ደብዳቤው ካልመጣ ታውቃላችሁ። ቤት ስትቀይሩ ለፖስታ ቤት መንገር ብቻ አይበቃም፤ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ለራሱ በ10 ቀን ውስጥ አድራሻ መለወጣችሁን ማሳወቅ አብዛኞቹን ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች የሚመለከት የሕግ ግዴታ ነው። ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ አገር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ፖስታችሁ ሳጥኑን ሞልቶ ለመንገደኛ «እነዚህ ሰዎች የሉም» እንዳይል አስይዙት። ፖስታ ቤቱ ከ3 እስከ 30 ቀን ድረስ ያቆይላችኋል። የእኛ ጉዞ ደግሞ ከ30 ቀን ያልፋል፤ ያን ጊዜ ለጊዜው ወደምታምኑት ዘመድ አድራሻ እንዲዞር ጠይቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ወጣቶቹ። የተሰረቀ ቼክ የሚገባበት አካውንት ይፈልጋል። ሌባው በራሱ ስም አያስገባም። በኢንስታግራም ወይም በቴሌግራም «ካርድህን ለሁለት ቀን ስጠኝ፣ ግማሹን ትወስዳለህ» ይላል። ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጃችሁ አካውንቱ ባዶ ስለሆነ የሚያጣው ነገር ያለ አይመስለውም። የሚያጣው ነገር አለ። ቼኩ ሲመለስ ዕዳው በስሙ ይመዘገባል፣ ባንክ አካውንቱን ይዘጋል፣ በሌላ ባንክ አካውንት ለመክፈት ይቸገራል፣ ወንጀልም ሊሆንበት ይችላል። ዜግነት ላላገኘ ልጅ ደግሞ የማጭበርበር ክስ የሚያስከትለው ጣጣ ሌላ ነው።

በኦገስት 2024 መጨረሻ በቲክቶክ የተዛመተውን ታስታውሱ ይሆናል። በቼዝ ባንክ ኤቲኤም የማይሆን ቼክ አስገብቶ ቼኩ ከመጣራቱ በፊት ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ይቻላል ተብሎ ልጆች ተሰልፈው እየሳቁ ራሳቸውን ቀረጹ። የሥርዓት ስህተት ተገኘ ብለው ነበር፤ የሠሩት ግን የታወቀ የቼክ ማጭበርበር ነው። ባንኩ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ክስ መመሥረት ጀመረ። ማስረጃውን ያዘጋጁት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

ይኸው የጊዜ ክፍተት ቅን ሰውንም ያጠምዳል። በሕጉ መሠረት ባንክ ካስገባችሁት ቼክ ላይ ጥቂቱን፣ ከጁላይ 2025 ወዲህ 275 ዶላር፣ በቀጣዩ የሥራ ቀን፣ ቀሪውንም በጥቂት ቀናት ሊለቅላችሁ ይገባል። ገንዘቡ አካውንታችሁ ላይ መታየቱ ቼኩ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ሐሰተኛነቱ ከሳምንታት በኋላ ሊታወቅ ይችላል። መኪናችሁን ሊገዛ የመጣ ሰው ከዋጋው በላይ የካሽየርስ ቼክ ሰጥቶ «ትርፉን በዜል መልስልኝ» ካላችሁ፣ ገዢ አይደለም። የላካችሁት የእናንተ ገንዘብ ነው፤ ቼኩ ሲመለስም ባንኩ የሚጠይቀው እናንተን ነው።

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ ቢደርስባችሁስ? መጀመሪያ ባንክ ነው፤ ያኔውኑ፣ በአካል ብትሄዱ ይሻላል። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ 26 በመቶ እዚህ ላይ ይመጣል። ያንን አንድ ቼክ ብቻ አሳግዳችሁ አትመለሱ፤ ቁጥሩ ሌባው እጅ ነውና ነገ ሌላ ቼክ ያትምበታል። አካውንቱ ይዘጋ፣ አዲስ ይከፈት። ደመወዛችሁ የሚገባበትን ቁጥርና በራሱ የሚቆረጠውን ክፍያ ሁሉ ማዛወሩ አድካሚ ነው፤ አድርጉት። ባንኩ የሚሰጣችሁን የማጭበርበር ማመልከቻ ሞልታችሁ ፈርሙ፣ ቅጂ ያዙ፣ ያነጋገራችሁትን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። ገንዘቡ እስኪመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊወስድ ይችላል፤ የእናንተ ባንክና ቼኩ የገባበት ባንክ እርስ በርስ እስኪስማሙ ነውና እየደወላችሁ ጠይቁ።

ለአከራዩም ያኔውኑ ንገሩት። ብዙ ሰው «እኔ ከፍያለሁ፣ የተሰረቀው በፖስታ ነው» ይላል፤ ግን ቼኩ አከራዩ ጋ ካልደረሰ ኪራዩ አልተከፈለም። የፖሊስ ሪፖርት ካሳያችሁት ኪራዩ በመዘግየቱ የሚጠይቀውን ቅጣት ሊተውላችሁ ይችላል፤ ኪራዩን ግን አይተወውም።

የአካባቢያችሁን ፖሊስ ሪፖርት ውሰዱ። የግል መረጃችሁ የወጣ ከመሰላችሁ በሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች፣ በኤክስፔሪያን፣ በኢኩፋክስና በትራንስዩኒየን፣ ክሬዲታችሁን አሳግዱ፤ ከ2018 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ነፃ ነው። ለሦስቱም ለየብቻ መጠየቅ አለባችሁ። ከዚያ ደግሞ ለፖስታ ቤቱ የምርመራ ፖሊስ አሳውቁ። ፖስታ መስረቅ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው፤ መርማሪዎቹ አንድን ሌባ የሚደርሱበት ከአንድ ሰፈር የመጡ ሪፖርቶችን አገጣጥመው ስለሆነ የእናንተ 200 ዶላርም ትንሽ አይደለችም። ስልካቸው 1-877-876-2455 ነው። እስክሪብቶ ስትፈልጉ ላመለጣችሁ ልድገመው፤ አንድ፣ ስምንት ሰባት ሰባት፣ ስምንት ሰባት ስድስት፣ ሁለት አራት አምስት አምስት።

(መውጫ ሙዚቃ)